ቅንጭብ መልስ፦ ከማን ገጽ ተቆረጠ?

እ.ኤ.አ. በ2023 «በኬ ፊደል የሚጀምር የአፍሪካ አገር» ብለው በእንግሊዝኛ ጉግልን የጠየቁ ሰዎች ጉድ አዩ። ከውጤቶቹ ሁሉ በላይ ጎልቶ የመጣላቸው መልስ፣ በአፍሪካ ካሉት 54 አገሮች አንዱም በኬ አይጀምርም የሚል ነበር፤ ለጥቂት የምትቀርበው ኬንያ ናት ብሎም ያክላል። ጎረቤታችን ኬንያ! ጉግል ይህን ከራሱ አላፈለቀውም። ከቻትጂፒቲ ጋር የተደረገ ምልልስ የተለጠፈበት ድረ ገጽ ነበረ፤ መፈለጊያው ያንን አንቀጽ ቆርጦ አናት ላይ ሰቀለው።

የሙያው ሰዎች ይህን ሳጥን «ፊቸርድ ስኒፔት» ይሉታል። እዚህ «ቅንጭብ መልስ» እንለዋለን፤ ከአንድ ሰው ገጽ ተቀንጭቦ ለጥያቄ መልስ ሆኖ የሚቀርብ ነውና። በተለመደው የፍለጋ ውጤት ርዕሱና አድራሻው ይቀድማል፣ ቁራጭ ጽሑፉ ከሥር ይከተላል። በቅንጭብ መልስ ተራው ይገለበጣል፤ ጽሑፉ ፊት፣ ባለቤቱ ኋላ። አንዳንዴ አንቀጽ ነው፣ አንዳንዴ ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር፣ አንዳንዴም ሠንጠረዥ ወይም ቪዲዮ። የዶላር ምንዛሪ ወይም የአየር ሁኔታ ሲጠየቅ የሚመጣው ሳጥን ግን ሌላ ነው። እሱ በቀጥታ ከመረጃ ቋት ይመጣል፣ የማንም ጽሑፍ አልተቆረጠበትም።

ሳጥኑ ውስጥ በገንዘብ አይገባም፤ የሚያስገባ ልዩ ኮድም የለም። ጉግል ራሱ ምርጫው የሥርዓቱ እንደሆነ ነው የሚናገረው። «በዋስትና እናስገባዎታለን» የሚል ድርጅት ካጋጠመ ገንዘብን ኪስ ውስጥ ማቆየት ነው። በመስኩ የሚታወቀው አሕረፍስ የተባለ ኩባንያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሚሊዮን ያህል ቅንጭብ መልሶችን መርምሮ 99.58 በመቶው ቀድሞውኑ በመጀመሪያዎቹ አሥር ውጤቶች ውስጥ ካሉ ገጾች የተወሰዱ ሆነው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ሦስተኛ ገጽ ላይ የተቀበረ ጽሑፍ ያለው ሰው ስለ ሳጥኑ ማሰቡን ለጊዜው ቢተወው ይሻላል።

አሥሩ ውስጥ ለገባ ግን ሥራ አለ። ስለ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ገጽ እናስብ። እንደ ልማዳችን ሦስት አንቀጽ ሙሉ ስለ ባሕረ ሐሳብ ጥልቀትና ስለ አባቶች ጥበብ ይተርክና አራተኛው አንቀጽ መሐል ላይ ጳጉሜን አምስት ቀን መሆኗን ሹክ ይላል። ማሽን ከዚህ ምን ይቁረጥ? ጥያቄውን ራሱን ንዑስ ርዕስ ማድረግ፣ ከሥሩም መልሱን ወዲያው መስጠት ነው፦ «ጳጉሜን ስንት ቀን አላት? አምስት ቀን አላት፤ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ስድስት ትሆናለች።» ይህ ብቻውን ተቆርጦ ቢወጣ ትርጉሙ አይጎድልም። «ከላይ እንደተጠቀሰው» ወይም «ይህች ወር» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ግን ከገጹ ሲወጣ እንጥልጥሉን ይቀራል። የመስከረም 1 ጉዳይ ደግሞ በሠንጠረዥ ያምራል፤ በአንዱ ዓምድ የእኛ ዓመት፣ በሌላው መስከረም 1 የሚውልበት የፈረንጆች ቀን፣ ሴፕቴምበር 11 ወይም ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት 12። የባሕረ ሐሳቡ ትረካ ከዚያ በኋላ እንደልቡ ይቀጥል፤ ማንም አይከለክለውም።

ይህ የማዘጋጀቱ ሥራ ነው። ክትትሉ አድካሚ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰለቸውም እሱ ላይ ነው።

ባለ ገጹ በነፃ የሚያገኘው ዋና መሣሪያ የጉግል ሰርች ኮንሶል ነው። ገጹ በየትኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ በአማካይ ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደነበረ የ16 ወር መረጃ ያስቀምጣል። ቅንጭብ መልስን ግን ለይቶ አያሳይም፤ ሳጥኑ ውስጥ የገባ ገጽ እንዲሁ አንደኛ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ሌላ ምልክት መፈለግ ግድ ነው። ገጹ ከአራተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ዘሎ የሚከፍተው ሰው ግን ካልጨመረ፣ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ሰው መልሱን እዚያው አንብቦ እየሄደ ይሆናል። ለማረጋገጥ ከአካውንት ወጥቶ፣ በኢንኮግኒቶ፣ በስልክም በኮምፒውተርም ጥያቄውን መጻፍና ስክሪንሹት ማንሳት ነው። ዋሽንግተን ላይ የሚታየው ዱባይ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ጠዋት የነበረውም ማታ ሌላ ገጽ ሊወስደው ይችላል። ሳጥኑ በአማርኛ ጥያቄ ይመጣ እንደሆነም ጥያቄ በጥያቄ እየሞከሩ ማየት እንጂ በግምት አይሆንም። ኤክሴል ላይ ጥያቄውን፣ ቀኑን፣ አገሩን፣ ሳጥኑን የያዘውን ገጽና የሳጥኑን ዓይነት መዝግቦ መያዝ ይበቃል። የሚከፈልባቸው መከታተያዎችም ከዚህ የተለየ ምስጢር የላቸውም፤ ይህንኑ በብዛትና በየቀኑ ይሠሩታል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ጳጉሜን የሚፈልገው ሰው ጳጉሜ ይላል፣ ጷጉሜ ይላል፣ ጳግሜ ይላል፣ ፓጉሜም ይላል። የአንዱን አጻጻፍ ቁጥር ብቻ የተመለከተ ሰው ጠያቂ የለኝም ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ሰርች ኮንሶል በሬጀክስ፣ ማለትም የተለያዩ አጻጻፎችን በአንድ ቀመር በሚይዝ ማጣሪያ፣ ማጣራት ስለሚፈቅድ [ጳጷፓ][ጉግ]ሜ ብሎ ቢያስገቡት ሁሉንም በአንድ ላይ ይሰበስባቸዋል። ለሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ለጸ እና ፀም ዘዴው ያው ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉት ደግሞ ለብቻቸው ይቆጠሩ።

ለመሆኑ ሳጥኑን መያዝ ያዋጣል? በዚያው በአሕረፍስ ጥናት፣ ሳጥን በሌለበት አንደኛ የሆነው ገጽ በአማካይ 26 በመቶ ያህሉን ጠቅታ ይወስዳል። ሳጥን ሲኖር ሳጥኑ 8.6፣ ከሥሩ ያለው ገጽ ደግሞ 19.6 በመቶ ያገኛሉ። በዚያን ጊዜ አንድ ገጽ ሳጥኑንም ከሥሩ ያለውን ቦታም ሊይዝ ይችል ነበር። ጉግል ይህን በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) አስቀረው፤ ሳጥኑን የያዘ ገጽ በመጀመሪያው የውጤት ገጽ ላይ አይደገምም። ስለዚህ እኔ ሁሉንም ጥያቄ ማሳደድ አይታየኝም። የጳጉሜንን ቀን ብዛት የጠየቀ ሰው ከሱቅ በር ላይ ዋጋ ጠይቆ እንደሚሄድ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጉዳይ የለውም። «የልደት ቀኔን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንዴት ልለውጥ?» ያለው ግን በሁለት መስመር አይሸኝም፤ ሠንጠረዡን ሙሉውን ማየት ይፈልጋል። ሳጥኑ የሚያዋጣው እንዲህ ላለው ጥያቄ ነው። ከስሙ መታየት ሌላ ምንም የማይፈልግ፣ ለምሳሌ የጤና መረጃ የሚያሰራጭ ተቋም፣ ስሌቱ ይለያል፤ ሰው ገጹን ሳይከፍት ትክክለኛውን መልስ ካገኘ ለእሱ ሥራው ተሠርቷል።

ጽሑፌ አይቆረጥብኝ ለሚልም መንገድ አለ። «ኖስኒፔት» የተባለው መለያ ገጹ ላይ ሲጨመር ቅንጭብ መልሱን ይከለክላል፤ ግን ከተለመደው ውጤት ሥር ያለውንም ቁራጭ ጽሑፍ አብሮ ያጠፋዋል። «ማክስ ስኒፔት» የሚባለው የፊደሎቹን ብዛት ይገድባል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ጉግል ለሳጥን የሚበቃ ጽሑፍ ላያገኝ ይችላል፤ ዋስትና ግን የለውም። የገጹን አንድ ክፍል ብቻ መሸፈንም ይቻላል።

ከግንቦት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ጉግል በመጀመሪያ በአሜሪካ፣ ከዚያም በሌሎች አገሮች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጠናቀረ ማጠቃለያ አናት ላይ ማውጣት ጀምሯል። ይህ ቅንጭብ አይደለም። ከብዙ ገጽ ተለቅሞ በራሱ ቃል የተጻፈ ነው፤ ምንጮቹ በሊንክ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በብዙ ጥያቄ የሳጥኑን ቦታ ወስዶታል። ሰርች ኮንሶልም ከዚህ የመጣውን ጠቅታ ከሌላው ጋር ደምሮ ያስገባዋል እንጂ አይለየውም። እንግዲህ ኤክሴሉ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመራል፦ ማጠቃለያው መጥቷል አልመጣም፣ ከመጣስ ገጻችን ከምንጮቹ መሐል አለ የለም።