የጦር አውሮፕላን ቀለም እንደ ታሪክ ምስክር

የታሪክ ጸሐፊ ስለ አንድ ጦርነት ሲተርክ የአዛዦችን ስም፣ የሠራዊቱን ብዛትና ውጊያው የተካሄደበትን ቀን ይመዘግባል። መሣሪያው ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም። ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙት የአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች ናቸው። ሥራቸው ከልጆች መጫወቻ የማይለይ መስሎ የሚታያቸው ቢኖሩም፣ አንዲትን ትንሽ አውሮፕላን በእውነተኛ ቀለሟ ለመቀባት የሚደረገው ምርምር ከሌላው የታሪክ ምርምር ያነሰ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ነው።

ሞዴልና ጦርነት የቆየ ዝምድና አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባቀረበው ጥሪ መሠረት የትምህርት ቤት ተማሪዎች የወገንንና የጠላትን አውሮፕላን ለይቶ ለማወቅ የሚያገለግሉ የእንጨት ሞዴሎችን በብዛት ሠርተዋል። የእውነተኛው አውሮፕላን 1/72ኛ የሆኑት እነዚህ ሞዴሎች ጥቁር ይቀቡ ነበር፤ ከሩቅ ለሚመለከት ወታደር የሚያስፈልገው ቅርጹን ማወቅ ነበርና። ከጦርነቱ በኋላ የሚሠራው ሞዴል ግን ዘመኑን እንዲያሳይ ስለሚፈለግ ቀለሙ የግድ ሆነ።

ምሳሌያችን የማልታ ደሴት ናት። በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል የምትገኘው ይህች ደሴት በ1942 የፋሺስት ኢጣሊያና የናዚ ጀርመን አውሮፕላኖች የማያቋርጥ ድብደባ ይወርድባት ነበር። ኤፕሪል 20 ቀን፣ በስኮትላንድ ግላስጎ የተጫኑ 47 ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላኖች ዋስፕ ከተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተነሥተው 46ቱ ማልታ ደረሱ። ካረፉ በኋላ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኞቹ በቦምብ ወድመዋል ወይም ተጎድተዋል። ሜይ 9 ቀን ሌላ ቡድን ተላከ፤ 60 ያህሉም ደረሱ።

ለሞዴል ሠሪው ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል የበረሃ ደንብ የአውሮፕላኑ ላይኛው ክፍል በጠቆረ የአፈር ቀለምና በአሸዋማ ቢጫ፣ ሥሩ ደግሞ በሰማያዊ እንዲቀባ ያዝዛል። ይህ ቀለም በሊቢያ አሸዋ ላይ ይሰውራል፤ በባሕር ላይ ግን ያጋልጣል። ስለዚህ ከእነዚህ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ከላይ ሰማያዊ ቀለም ተደርቦባቸው እንደ ነበር ተመራማሪዎች ያምናሉ። የትኛው ሰማያዊ? እዚህ ላይ ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ከመርከቧ መጋዘን የወጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቀለም ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ የእንግሊዝ ቀለም ነው ይላሉ። አሸዋማው ክፍል ብቻ ተሸፍኖ ሌላው እንዳለ ቀርቷል የሚሉም አሉ።

ክርክሩን ለመዳኘት የሚቀርቡት ማስረጃዎች እያንዳንዳቸው ድካም አለባቸው። የጽሑፍ ትእዛዝ መደረግ የነበረበትን እንጂ የተደረገውን አይነግርም። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍም በራሱ ፍርድ አይሰጥም። ኦርቶክሮማቲክ የተባለው ፊልም ቀይ ብርሃንን ስለማይቀበል ቀዩን ያጠቁራል፤ ቢጫውንም ያደበዝዛል፤ ሰማያዊውን ግን ያነጣዋል። የእንግሊዝ አውሮፕላን ጎን ላይ ያለውን ክብ ምልክት የሚከበው ቢጫ ቀለበት በእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ጠቁሮ ይታያል፤ የፊልሙን ዓይነት ሳያውቅ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። የዓይን ምስክር ክቡር ነው፤ ሆኖም ትዝታ ከዓመታት በኋላ ቀለም ይለውጣል። የተረፈ ስብርባሪም ቢሆን ፀሐይና ጨው ያገኙት ነው፤ የሙዚየም አውሮፕላኖችም ብዙዎቹ ደጋግመው ተቀብተዋል። የመጀመሪያው ቀለም የሚገኘው ብርሃን ባልደረሰበት መጋጠሚያ ሥር ነው። ስለዚህ ታማኙ መንገድ አንዱን ማስረጃ በሌላው መመዘን፣ ማስረጃ ባለቀበት ቦታም ሠሪው የራሱን ምርጫ መምረጡን በግልጽ መናገር ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቢባል፣ መልሱ ከቀለሙ በስተጀርባ ያለው የሰው እጅ ነው። የበረሃውን ደንብ ያወጡት በቢሮ የተቀመጡ ሹማምንት ናቸው፤ ስማቸውም በመዝገብ ሰፍሯል። ውጊያው በባሕር ላይ መሆኑን አይተው በጥድፊያ ቀለሙን የደረቡት መካኒኮችና መርከበኞች ግን በትእዛዙ ወረቀት ላይ የሉም። አውሮፕላኖቹም አብዛኞቹ ወድመዋል፤ ዋስፕም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 15 ቀን በጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጥማለች። የእነዚያ ሠራተኞች ብልሃት ምስክር ሆኖ የቀረው ያ ሰማያዊ ቀለም ነው። ሞዴሉን በደንቡ ቀለም ብቻ የሚቀባ ሰው ሳያውቀው የአዛዡን ታሪክ ጽፎ የሠራተኛውን ይሰርዛል።

ይህ ትምህርት ለአገራችን ሠዓሊዎችና መምህራንም ይጠቅማል። የ1928 ዓ.ም. ጦርነትና የአርበኞች ተጋድሎ በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው የደረሰን። በእንዲህ ዓይነቱ ምስል ላይ የሰንደቅ ዓላማችን ቀይ እንደ ጥቁር ሊታይ፣ ቢጫውም ሊጠቁር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአዲስ አበባ የተሠራችውና በኢጣሊያ የተወሰደችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በ2024 ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ እርሷንም በሞዴል ወይም በሥዕል ሊያሳይ የሚነሣ ሰው ዛሬ የሚታየውን ቀለም ከመቅዳቱ በፊት የመጀመሪያው የትኛው እንደ ነበር መጠየቅ ይገባዋል። ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት የሚጠይቅ ሠዓሊ የታሪክ ጸሐፊው የሥራ ባልደረባ ነው።