ንቅሳት፤ ከጥላሸት እስከ ኤሌክትሪክ መርፌ

ከታሪክ ክበብ አባሎች የቀረበ

የታሪክ ትምህርት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ የሚናገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሕዝብ ታሪክ በብራናና በድንጋይ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ገላ ላይም ተጽፎ ይገኛል። ትምህርት ቤታችን በሚገኝበት በለቡ መብራት ኃይል ሠፈር ከጎንደር፥ ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ መጥተው የሚኖሩ እናቶችና አያቶች አሉ። ከእነርሱም መካከል በአንገታቸው፥ በግንባራቸው ወይም በድዳቸው ላይ ንቅሳት ያለባቸው ጥቂቶች አይደሉም። በሌላ በኩል ደግሞ በእኛ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች «ታቱ» እያሉ በክንዳቸው ላይ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ለመነቀስ ሲመካከሩ እንሰማለን። ስለዚህ ይህ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነቀስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ምን ማወቅ እንደሚገባው ታሪክን ለመጠየቅ ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ንቅሳት የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ ልማድ አይደለም። በ1991 በኦስትሪያና በኢጣልያ ወሰን ላይ ካለው የአልፕስ ተራራ በረዶ ውስጥ የአንድ ሰው ሬሳ ተገኘ። ኦትዚ ተብሎ የተሰየመው ይህ ሰው ከሞተ 5300 ዓመት ያህል ሲሆነው፥ በገላው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች ተቈጥረዋል። በግብፅ አገር ገበሌን ከተባለው ስፍራ ተወስደው በለንደን በብሪትሽ ሙዚየም የሚጠበቁ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ሬሳዎችም ከ5000 ዓመት በላይ አስቈጥረዋል። በእነዚህም ላይ ንቅሳት መኖሩ በ2018 ታውቋል፤ በወንዱ ክንድ ላይ የዱር በሬና የዱር በግ ተሥሎበታል። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፥ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ፥ የጋዛው ሊቅ ፕሮኮፒዮስ በዘመኑ የነበሩ ክርስቲያኖች መስቀል ወይም የክርስቶስን ስም በክንዳቸው ይነቀሱ እንደ ነበር ጽፏል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ መንገደኞችም ለመታሰቢያ ተነቅሰው መመለስ የቆየ ልማዳቸው ነው። ሆኖም ሁሉም በዚህ አልተስማሙም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቍጥር 28 ገላን መንቀስ ተከልክሏልና ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ወጣቱ የሚጠራበት «ታቱ» የሚለው ስም ደግሞ «ታታው» ከሚለው የፓሲፊክ ደሴቶች ቃል የመጣ ነው፤ ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1769 ታሂቲ ከደረሰ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ገባ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ማንስፊልድ ፓርኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ በትግራይ ጥቂት ዓመታት ኖሮ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሴቶች አንገታቸውንና ክንዳቸውን፥ ድዳቸውንም ጭምር ይነቀሱ እንደ ነበር ገልጿል። የአሠራሩም ነገር አያቶቻችን ከሚነግሩን ብዙ የራቀ አይደለም። ነቃሿ አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ያላት ሴት ናት። ከድስት ቂጥ ወይም ከኩራዝ የተሰበሰበ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትለውሳለች፤ ከዚያም በእሾህ ወይም በአንድነት በታሰሩ መርፌዎች ቆዳውን እየወጋች ቀለሙን ታገባለች። ቦታው ለጥቂት ቀን ያብጣል፤ ቅርፊቱ ሲረግፍ ሰማያዊ የመሰለው መልክ ወጥቶ ይቀራል። ድድ የተነቀሰችው ልጅ እብጠቱ እስኪጐድል ድረስ ምግብ ማኘክ ይቸግራታል።

ይህ ሁሉ ሥቃይ ስለ ምን ነበር? አንደኛው ስለ ውበት ነው። የጠቆረ ድድ ጥርስን ነጭ አድርጎ ያሳያል፤ በአንገት ላይ የተደረደረው መሥመርም ሊሰረቅ ወይም ሊጠፋ የማይችል ድሪ ነው። ሁለተኛው ስለ ሃይማኖት ነው፤ የግንባር መስቀል ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ሳይናገር ያስታውቃል። ሦስተኛው ስለ ጤና ነው፤ የድድ ንቅሳት የድድን ሕመም፥ የአንገት ንቅሳት ደግሞ እንቅርትን ያርቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ ግን እንቅርት በአብዛኛው የሚመጣው በምግብ ውስጥ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ መሆኑን እናውቃለን፤ በአገራችንም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 ደንብ ወጥቷል። እንግዲህ እንቅርትን የሚከላከለው ጨው ነው እንጂ ጥላሸት አይደለም። ባልጸዳ መርፌ የተነቀሰች ልጅ ቁስሏ ካመረቀዘባትማ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የተባለው ተረት በእርሷ ላይ ይደርሳል።

አንድ ሌላ ነገርም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ የተነቀሱት በልጅነታቸው ነው። ቦታውንና ቅርጹን የመረጡላቸው ወላጆች፥ ዘመዶችና የአገር ልማድ ነበሩ፤ የእነርሱ ፈቃድ አልተጠየቀም። ምልክቱን ግን ዕድሜ ልክ የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። ዘመናዊ ትምህርትና የከተማ ኑሮ በተስፋፋ ጊዜ ያው የአንገት ድሪ የባላገርነት ምልክት ተብሎ ይነቀፍ ጀመር። በትውልድ መንደሯ የተመሰገነችበት ውበት አዲስ አበባ ስትደርስ መሳለቂያ የሆነባት፥ አንገቷን በነጠላ ሸፍና የምትሄድ እናት ኖራለች። ጥፋቷ ምን ነበር? ምንም አልነበረም፤ ዘመኑ ተለወጠ፥ ገላዋ ግን አልተለወጠም።

ከዚህም የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ታሪክ ይገኛል። በጎንደር ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲኖሩ ከቤተ እስራኤል ሴቶች አንዳንዶቹ እንደ አካባቢው ልማድ በግንባራቸው ላይ መስቀል ተነቅሰው ነበር። በግንቦት 1991 ከ14000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፥ ከዚያም በፊትና በኋላ ሌሎች ሲሄዱ፥ ያ ምልክት አብሯቸው ተጓዘ። በትውልድ አገራቸው ከጎረቤት ጋር ያመሳስላቸው የነበረው መስቀል በአዲሱ አገራቸው በአይሁድ መካከል የጥያቄና የኀፍረት ምክንያት ሆነባቸው፤ በሌዘር ያስጠፉም አሉ። እንግዲህ አንድ ምልክት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ትርጕም ሊይዝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከወዴት ይገኛል?

የዛሬው መሣሪያ ጥላሸትና እሾህ አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን በ1875 ለጽሑፍ ማባዣ የፈለሰፈውን የኤሌክትሪክ ብዕር መነሻ አድርጎ፥ ሳሙኤል ኦራይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በ1891 የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ መንቀሻ በስሙ አስመዘገበ። የሠፈራችን ስም መብራት ኃይል ነው፤ ነገር ግን መብራቱም ኃይሉም መርፌን ያፈጥናሉ እንጂ ከበሽታ አያነጹም። ኒው ዮርክ ራሷ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ በመርፌ እንዳይዛመት በመስጋት ንቅሳትን በ1961 ከልክላ፥ የፈቀደችው በ1997 ነው። በአገራችን የኤድስ ሕሙማን መኖራቸው በ1986 ከታወቀ ወዲህ ስለታማ ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም ሲነገረን አድጓል። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ከ2007 ጀምሮም በኢትዮጵያ ከሕፃናት ክትባት ጋር ይሰጣል። ለሄፓታይተስ ሲና ለኤች አይ ቪ ግን እስከ ዛሬ ክትባት አልተገኘላቸውም።

ንቅሳት የማይለቅበትን ምክንያትም ማወቅ ያስፈልጋል። የላይኛው ቆዳ በየጊዜው ይረግፋል፤ መርፌው ቀለሙን የሚያስቀምጠው ግን ከእርሱ በታች ባለው ክፍል ነው። በዚያም የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ሕዋሳት ቀለሙን እንደ ባዕድ ቈጥረው ይውጡታል፤ ሊያስወግዱት ስለማይችሉ ይዘውት ይኖራሉ፤ እነርሱ ሲሞቱም አዲሶቹ ይረከቡታል። ሌዘር ቀለሙን ሰባብሮ ሊያደበዝዘው ይችላል፤ ሆኖም ብዙ ምልልስና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፥ በእንደኛ ዓይነቱ ጠይም ቆዳ ላይም ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ደግሞም ኬሎይድ የሚባለው፥ ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጠው ጠባሳ፥ ጥቁር ሕዝቦችን ይበልጥ ያጠቃል። ስለዚህ በራሱ ወይም በቤተ ሰቡ ላይ እንዲህ ያለ ጠባሳ ያየ ሰው ከመነቀስ ቢቈጠብ ይሻለዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ንቅሳት የሚያስብ ጓደኛችን እነዚህን ነገሮች እንዲመረምር አደራ እንላለን። አንደኛ፥ ዕድሜው 18 ካልሞላ ይታገሥ፤ በእንግሊዝ አገር በ1969 የወጣው ሕግ ከዚህ ዕድሜ በታች ያለውን መንቀስ መከልከሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛ፥ መርፌው አዲስና ከታሸገበት በፊቱ የሚከፈት መሆኑን፥ ቀለሙም ለእርሱ ብቻ በትንሽ ዕቃ የሚቀዳ መሆኑን ይመልከት። ደጋግሞ የሚያገለግለው መሣሪያ በኃይለኛ እንፋሎት፥ በ121 ዲግሪ ሙቀት፥ መቀቀል አለበት፤ በአልኮል መጥረግ ወይም በእሳት ማሳየት አይበቃም። ነቃሹ እነዚህን ሲጠየቅ የሚቈጣ ከሆነ፥ ያለ አንዳች ክርክር ተነሥቶ መሄድ ነው። ሦስተኛ፥ ቁስሉ እስኪድን ድረስ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይጠበው፥ ቅርፊቱንም አይላጥ። መቅላቱና ትኵሳቱ ከበረታ ወይም መግል ከያዘ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አራተኛ፥ ደም የመለገስ አሳብ ካለው፥ የደም ባንኮች አዲስ የተነቀሰን ሰው ለተወሰኑ ወራት እንደሚያቈዩት ይወቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አምስተኛው ነው። ይህን ምልክት የፈለገው ማን ነው? እርሱ ራሱ ነው ወይስ ጓደኞቹ? አያቶቻችን ይህን ጥያቄ የሚጠይቁበት ዕድል አልነበራቸውም፤ እኛ ግን አለን። ዕድሉ እያለን ሳንጠይቅ በባልንጀራ ግፊት ብንነቀስ፥ በመንደር ልማድ ከተነቀሰችው ልጅ በምን እንሻላለን? አንድ ዓመት ቆይቶ ያንኑ ምልክት በዚያው ቦታ የሚፈልግ ሰው በእርግጥ መርጧል ማለት ይቻላል፤ በዓመቱ የረሳው ግን ሳይነቀስ በመቅረቱ ዕድለኛ ነው።

በመጨረሻም ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አንድ ነገር እናሳስባለን። አንገቷ የተነቀሰውን እናት በመንገድ ስናያት ከመሣቅ ይልቅ በአክብሮት ቀርበን ታሪኳን እንጠይቃት። የሚነቅሱት እጆች እያነሱ ሄደዋል፤ እነዚህ እናቶች ሲያልፉ ቅርጹም ትርጕሙም አብሮ ያልፋል። ንቅሳቱን በገላችን ላይ ሳንደግመው ታሪኩን በደብተራችን ብንጽፈው፥ እኛም ሥራችንን ሠርተናል ማለት ነው።