የጉርሱም ድንጋይ ዛሬ ቢወርድ ማን ይነግረን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1981 ከሐረር ከተማ በስተምሥራቅ፣ ጉርሱም ላይ ከሰማይ ድንጋይ ወረደ። የተሰበሰበው ወደ 35 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የሜትዮራይት መዝገብ «ጉርሱም» በሚል ስም ሰፍሯል። ዓይነቱ ተራ ኮንድራይት፣ ምድቡ ኤች 4/5 ነው። እንደሚወርድ አስቀድሞ ያወቀ ሰው አልነበረም። በዚያን ዘመን አንድም የጠፈር ድንጋይ ምድርን ሳይመታ በፊት ታይቶ አያውቅም ነበርና።

የመጀመሪያው የታየው በጎረቤታችን በሱዳን ላይ የወደቀው ነው። መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ አሪዞና፣ ሌመን ተራራ ላይ ያለው ቴሌስኮፕ 4 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ አየ። ስሙም 2008 ቲሲ3 ተባለ። ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በማግሥቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ላይ፣ በኑቢያ በረሃ ሰማይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፈነዳ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በረሃውን በእግራቸው አስሰው ስብርባሪውን ለቀሙ። እስከ እ.ኤ.አ. 2024 መጨረሻ በዚህ መልክ ቀድመው የተደረሰባቸው 11 ብቻ ናቸው።

ለመሆኑ እንዴት ይታያሉ?

ቴሌስኮፑ አንዱን የሰማይ ክፍል በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግሞ ፎቶ ያነሳል። ከዋክብት ባሉበት ሲረጉ፣ አስትሮይዱ ቦታ ይቀይራል። ኮምፒዩተር ይህን ለይቶ መረጃውን አሜሪካ ወደሚገኘው የአነስተኛ ፕላኔቶች ማዕከል ይልካል። ሌሎች ቴሌስኮፖች ባዩት ቁጥር የመንገዱ ስሌት እየጠራ፣ የሚወድቅበት ስፍራ እየጠበበ ይሄዳል።

ችግሩ ትንሽ ድንጋይ ብርሃኑ ደካማ መሆኑ ነው፤ የሚታየው ከቀረበ በኋላ ነው። ደመናና የጨረቃ ብርሃን ይጋርዱታል። ከፀሐይ አቅጣጫ የመጣ ደግሞ ከምድር ጨርሶ አይታይም። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ የፈነዳው፣ 20 ሜትር ገደማ የነበረው፣ ያለማስጠንቀቂያ የመጣው ለዚህ ነው። ወደ 1,500 የሚጠጉ ሰዎች ተጎዱ፤ አብዛኞቹን የጎዳቸው ድንጋዩ ሳይሆን መስታወት ነው። ብልጭታውን ለማየት ወደ መስኮት ቀረቡ፤ የአየሩ ግፊት ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ደረሰና መስታወቱን ረገፈባቸው።

እንግዲህ የጉርሱሙ ዓይነት ዛሬ ቢመጣስ? መጠኑ ከአንድ ሜትር ካነሰ ማንም ላያየው ይችላል፤ አደጋውም ያን ያህል አይደለም። የሚያሳስበው የቼልያቢንስኩ ዓይነት ነው። ዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ማስጠንቀቂያ መረብ የሚያስጠነቅቀው ከ10 ሜትር በላይ ለሆነና የመምታት ዕድሉ ከ1 በመቶ ለበለጠ ነው። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የጠፈር ኃላፊነት ስምምነት ካሣ የሚያስከፍለው ሰው ሠራሽ ነገር ሲወድቅ ብቻ ነው። ለተፈጥሮ ድንጋይ የሚከሰስ የለም። የወደቀው ድንጋይ የማን ነው ለሚለው ደግሞ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ከሰማይ የመጣ ድንጋይ በዚህ ይጠቃለላል ወይስ ያገኘው ገበሬ ነው ባለቤቱ? አከራካሪ ነው።

ከክርክሩ የሚቀድመው ግን ሌላ ነው። ጥቂት ሰዓታት ብቻ ያሉት ማስጠንቀቂያ አዲስ አበባ ቢደርስ፣ ሐረር ላይ ማን ስልክ ያነሳል? ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለመስታወት ሕንፃ ውስጥ ላለው ሠራተኛ፣ ጉርሱም ማሳው ላይ ላለው ገበሬስ በየትኛው ቋንቋ ይነገረዋል? መልእክቱ አጭር ነው፦ ብልጭታ ካያችሁ ከመስኮት ራቁ። በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ ዛሬውኑ ተጽፎ ሊቀመጥ የሚችል ነው፤ ወጪውም ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው።