«መርማሪ»ና «አራሚ»፦ የድረ ገጽ ስሕተት ፍለጋና የጉራጌ ፊደላት

ድረ ገጽ በሚሠራበት ጊዜ በኮዱ ውስጥ የገባውን ስሕተት አስቀድሞ ለማግኘት ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ተዘጋጅተዋል። እነዚህን ሁሉ «አራሚ» በሚል አንድ ቃል ማጠቃለል ግን ለተርጓሚው እንቅፋት እንደሚሆን የመሣሪያዎቹ ታሪክ ያስረዳናል።

የዘርፉ ቀደምት የሆነውን «ሊንት» የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስቲቨን ጆንሰን በቤል ቤተ ሙከራ ለሲ የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጀው፤ ስሙም በልብስ ላይ የሚጣበቀውን ብናኝ ክር ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም አቀፉ ድር ኅብረት ለኤችቲኤምኤል ገጾች ተመሳሳይ አገልግሎት አቀረበ። ይህ መሣሪያ ሳይዘጋ የቀረ ምልክት ሲያገኝ መስመሩን ጠቅሶ ያስታውቃል እንጂ አያቃናም። በአንጻሩ ዴቭ ራጌት የሠራው «ታይዲ» ጉድለቱን ራሱ ያስተካክላል። እንግዲህ የመጀመሪያው «መርማሪ»፣ ሁለተኛው «አራሚ» መባል ይገባዋል።

የመርማሪው ወሰን በይበልጥ የሚታየው በፊደላችን ላይ ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ከመቀበሉ በፊት የፎንት ሠሪዎች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ኮዶች ላይ ያኖሩ ነበር። መርማሪው እንዲህ ያለውን ገጽ እንደ ላቲን ጽሑፍ አይቶ ያሳልፈዋል፤ ፎንቱ የሌለው አንባቢ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ያገኛል። ኮዱ ትክክል፣ ጽሑፉ ከንቱ ነበር ማለት ነው።

በ1999 የተመዘገቡት 345 ምልክቶችም ለጉራጌ ቋንቋዎች አልበቁም። በከንፈር ክበት የሚነገሩት የመ፣ የበ፣ የፈና የፐ ዝርያዎች፣ እነ ᎀ፣ ᎄ፣ ᎈ እና ᎌ፣ በጠቅላላው 16 ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ተጨመሩ፤ ሌሎች 28 የጉራጌ ፊደላት ደግሞ እስከ 2021 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ስለዚህ በወልቂጤ ለቸሃ፣ በቡታጅራም ለመስቃን ቋንቋ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ኮዱ ያለ አንዳች ነቀፋ ቢያልፍለት እንኳ፣ አዲሶቹን ፊደላት የያዘ ፎንት በሌለው ስልክ ላይ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሣጥን ሊታይ ይችላል። አዘጋጁ ይህን ለመሸሽ ተቀራራቢ ፊደል ቢተካ ጉዳቱ ይብሳል፤ ነገ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከገጹ የሚለቅመው ቃል የተዛባ ይሆናልና።

ስለሆነም ስሕተትን ፈልጎ ማስታወቅ «ምርመራ»፣ ማቃናት «እርማት»፣ ጽሑፉን በቋንቋው ተናጋሪ ዓይን ማየት ደግሞ «የንባብ ማረጋገጫ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ሦስቱ በስም ካልተለዩ፣ ሦስተኛው በሁለቱ ጥላ ሥር ተረስቶ መቅረቱ አይቀርም።