2 ሳምንት፣ 9 ዓመት፣ 14 ዓመት

ወዳጆቼ፣ በተለይ ፊልም መሥራት እያማራችሁ "ብር የለንም" የምትሉኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የአንድ ጎንደሬ የፊልም ሰው ታሪክ ላጫውታችሁ።

ጊዜው የአብዮቱ ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.። ኃይሌ ገሪማ ያኔ አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ነበሩ። አገር ቤት መጥተው "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" የተባለውን ፊልም ቀረጹ። ቀረጻው የፈጀው 2 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሙያው ትወና ባልሆነ ሰው ነው የተሠራው።

ዛሬ በስልክ ስንቀርጽ ካልጣመን አጥፍተን እንደገና እንሞክራለን። ያኔ ግን 400 ጫማ የሚሆን የ16 ሚሊ ሜትር ጥቅል 11 ደቂቃ ቀርጾ ያልቃል። የቀረጽከውም እስኪታጠብ ድረስ አይታይም። እና ብር የሌለው ሰው ካሜራውን ከማስነሳቱ በፊት ደጋግሞ ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ታሪኩ ስለ አንድ ጭሰኛ ቤተሰብና ስለ ባላባቱ ነው። አሁን ቀኑን ልብ በሉ። መሬት ለአራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ የቀረጹት የጭሰኝነት ሥርዓት በወራት ውስጥ በአዋጅ ቀረ ማለት ነው። በጀት እስኪሞላ ቢጠብቁ ኖሮ ያ ዓለም አይገኝም ነበር! በትንሽ ገንዘብ መሥራታቸው በጊዜው አደረሳቸው። ፊልሙም በ1976 በስዊዘርላንድ፣ በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ።

ግን ድህነትን አናሞግስ። የብር እጥረት ዕዳው በሌላ በኩል ይመጣል፤ የሚከፈለውም በዕድሜ ነው። ስለ ባርነት የሚተርከው "ሳንኮፋ" (1993) 9 ዓመት ገደማ ፈጀ። ተሠርቶ ካለቀም በኋላ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ጠፋ። ኃይሌና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ ራሳቸው አሳዩት። ሰዉም ተሰልፎ አየው። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የከፈቱት የመጻሕፍት ቤትም ስሙ ሳንኮፋ ነው። "ጤዛ" (2008) ደግሞ 14 ዓመት ወሰደ፤ በቬኒስም ተሸለመ። አስቡት፣ በእነዚያ ዓመታት ስንት ሌላ ፊልም ይሠራ ነበር?

እንግዲህ ልጆች፣ "ስንት ብር አለን?" ከማለታችሁ በፊት "የትኛው ታሪክ ነው የማይጠብቀን?" በሉ። ሊፈርስ የተቃረበ ሰፈር አለ። ያየችውን ገና ያልተናገረች አያት አለች። ለእነሱ በእጃችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። ትልቁ ፊልም ብሩ እስኪገኝ ሊቆይ ይችላል፤ አያታችሁ ግን ላይቆዩላችሁ ይችላሉ።

እስቲ፣ በሰፈራችሁ ዘንድሮ ካልተቀረጸ የሚያመልጠን ነገር ምንድን ነው? ከታች ጻፉልኝ።