የተወጋ አይረሳ



«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የተነገረው ስለ ሰው ልጅ ነው። ይኸው ቃል በብረትም ላይ እውነት መሆኑን ለመረዳት ግን የኤውሮፓ መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ ብዙ ሕይወትም ጠፍቷል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው፤ የምንጠቅሳቸውም ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሜይ 8 ቀን 1842 ዓ.ም. በቬርሳይ የንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ በዓል ተከብሮ ካበቃ በኋላ፥ ሕዝቡን ወደ ፓሪስ ይመልስ የነበረው ባቡር መዶን አጠገብ ሲደርስ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ የመንኮራኩር ዘንግ በድንገት ተሰበረ። የሚከተሉት ፉርጎዎች እርስ በርሳቸው ተደራረቡ፤ እሳትም ተነሣ። በጊዜው ልማድ የፉርጎዎቹ በር ተቆልፎ ስለነበረ ከሃምሳ የሚበልጡ መንገደኞች አለቁ። ከሟቾቹም አንዱ በመርከብ ዓለምን የዞረው ስመ ጥሩው አሳሽ ዱሞን ዱርቪል ነበር።

በዚያ ዘመን መሐንዲሶችን ያስጨነቃቸው ነገር፥ አንድን ሸክም ለብዙ ጊዜ ችሎ የኖረ ዘንግ በዚያው በለመደው ሸክም መሰበሩ ነው። ብዙዎች፥ ብረቱ ከመንቀጥቀጥ ብዛት የተነሣ የውስጥ ባሕርዩን ለውጦ እንደ አሞሌ ጨው ተሰባሪ ሆኗል ይሉ ነበር። ስኮትላንዳዊው ወጣት መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን ግን የተሰበሩትን ዘንጎች መርምሮ፥ ስብራቱ ዘንጉ በድንገት ከሚቀጥንበት ጥግ ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ የዘለቀ ስንጥቅ መሆኑን አስረዳ።

ነገሩን በቁጥር የለካው በፕሩስያ ምድር ባቡር ያገለግል የነበረው አውጉስት ቬለር ነው። ቬለር ከ1850ዎቹ ጀምሮ እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ፥ ዘንግን እያሽከረከረ የሚያጎብጥ መኪና ሠርቶ አንዱን ብረት ብዙ ሺህ፥ ሌላውን ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ፈተነ። በአንድ ጊዜ ሊሰብረው የማይችል ኃይል ሲመላለስበት ብረቱን እንደሚሰብረው፥ ኃይሉም ከተወሰነ ልክ ሲያንስ ብረቱ እጅግ ረዥም ዕድሜ እንዲኖረው አረጋገጠ። ይህን ማንም ሰው በቢሮው ሊያየው ይችላል፤ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አንድ ጊዜ ቢያጎብጧት አትሰበርም፥ ወዲያና ወዲህ ቢያመላልሷት ግን ወዲያው ትቆረጣለች።

በ1880ዎቹ ደግሞ በሙኒክ ያስተምር የነበረው ዮሐን ባውሺንገር ሌላ ምሥጢር አገኘ። ቅርጹን እስኪለውጥ ድረስ የተሳበ ብረት፥ ተመልሶ ሲጨመቅ ከበፊቱ ባነሰ ኃይል እጁን ይሰጣል። እንግዲህ ብረት የተደረገበትን ያስታውሳል ማለት ነው።

ይህን ትዝታ አለመቁጠር ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ ይልቅ ያሳየው የእንግሊዙ የጄት አይሮፕላን ኮሜት ነው። ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራው የዚህ አይሮፕላን አካል ከፍ ብሎ ሲበር በውስጡ በሚሞላው አየር ይወጠራል፥ ሲያርፍም ይረግባል። በጃንዋሪ 10 ቀን 1954 ዓ.ም. አንዱ ኮሜት በኤልባ ደሴት አጠገብ ከ35 ሰዎች ጋራ፥ በአፕሪል 8 ቀን ሌላው በናፖሊ አጠገብ ከ21 ሰዎች ጋራ ባሕር ገባ። በፋርንቦሮ የነበሩ መርማሪዎች አንድ ሙሉ ኮሜት በታላቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ግፊቱን እያመላለሱ ቢፈትኑት፥ ቀድሞ የበረረው ተጨምሮ በ3,057ኛው ምልልስ ተቀደደ።

ይሁን እንጂ ፋብሪካው አስቀድሞ የፈተነው የአካሉ ክፍል ከ15 ሺህ በላይ ምልልስ ችሎ ነበር። ልዩነቱ ከምን መጣ? ያ ክፍል ከዚህ ፈተና በፊት ከተለመደው እጥፍ እስኪሆን ድረስ ግፊት ተሰጥቶት ስለነበረ፥ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለው ብረት ትንሽ ተለጥጦ፥ ግፊቱ ሲነሣለት ተጨምቆ ቀርቷል፤ ይኸውም የኋላውን መወጠር አቀለለለት። ብረቱ ያለፈውን አልረሳም፤ የረሱት የቆጠሩት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሊቃውንቱ ይህንን ትዝታ በሒሳብ ለመጻፍ ተነሡ። በዚያው ዘመን አሜሪካውያኑ ኮፊንና ማንሰን፥ በእያንዳንዱ ምልልስ የሚደርሰው የማይመለስ የቅርጽ ለውጥ የብረቱን ዕድሜ እንዴት እንደሚወስን ለየብቻቸው አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. አርምስትሮንግና ፍሬድሪክ በእንግሊዝ አገር፥ አዲሱ ጉዳት ሲጨመር የቆየው ትዝታ ጥቂት በጥቂት የሚደበዝዝበትን ቀመር አወጡ። ፈረንሳዊው ሻቦሽም ኋላ እንዲህ ያሉትን ትዝታዎች ደምሮ ቀመሩን አሰፋው። በዚህ መንገድ የተርቢን መሐንዲስ ገና ያልተሠራ ብረት ከብዙ ምልልስ በኋላ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊያሰላ ቻለ።

ነገር ግን ክቡራን አድማጮች፥ የዚህ ሁሉ ሒሳብ መልስ የሚሰጠው በምልልስ ቁጥር ነው። አይሮፕላኑ ስንት ጊዜ እንደተነሣና እንዳረፈ፥ ዕቃው መቼ እንደተለወጠ በትክክል ካልተጻፈ፥ የሊቃውንቱ ቀመር ሁሉ ከንቱ ይሆናል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ለበጎ ነገር ነው፤ ጉዳትም እንደዚሁ ቀስ በቀስ ይሄዳል፥ አካሄዱንም ዓይን አያየውም። ስለዚህ የጉዞውን ቁጥር በየቀኑ የሚያሰፍረው ጸሐፊ ሥራውን አቅልሎ ማየት አይገባውም። በእጁ ያለው መዝገብ የብረቱ ትዝታ ግልባጭ ነውና፥ አንዲት መስመር ብትጎድልበት ብረቱ ያስታውሳታል።