ጨለማ በጥቁር ቀለም አይሳልም

መብራት ጠፍቶ ሻማ በተለኮሰበት ቤት የሰው ፊት ምን እንደሚመስል ለእኛ ከተማ ልጅ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ግማሹ ፊት ወርቅ ይሆናል፤ ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም። ይህንን ፊት በዘይት ቀለም ሸራ ላይ ላስቀምጥ የሚል ጀማሪ ግን አስቀድሞ እጁን የሚሰደው ወደ ጥቁሩ ቀለም ነው። የሚወጣለትም ሌሊት ሳይሆን ጥላሸት ነው። ታዲያ ሌሊት በምን ይሳላል? መልሱን ታሪክ እንጠይቀው።

እ.ኤ.አ. በ1600 ካራቫጆ ሮም በሚገኘው የሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን የማቴዎስን መጠራት የሚያሳየውን ሥዕሉን አስረከበ። ከጎን የገባ ብርሃን ድንግዝግዙን ክፍል ሰንጥቆ የቀራጮቹ ፊት ላይ ያርፋል። ይህን አይተው ብዙ ወጣት ሠዓሊዎች ተከተሉት። ከሆላንድ ዩትሬክት የመጣው ሆንትሆርስት ሻማውን ራሱን ሥዕሉ ውስጥ አስገባ፤ ጣሊያኖችም «የሌሊቶቹ ጌራርዶ» አሉት።

ከሁሉም ይልቅ እኛን የሚገርመን ግን በ1593 ሎሬን ውስጥ የተወለደው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ጆርጅ ደ ላ ቱር ነው። ሉቭር ባለው «ዮሴፍ አናጢው» በተሰኘው ሥዕሉ ሕፃኑ ኢየሱስ ሻማ ይዞ ነበልባሉን በእጁ ይጋርዳል። ብርሃኑ በጣቶቹ ሥጋ ውስጥ አልፎ ቀይ ሆኖ ይታያል። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ጨለማው ደረቅ ጥቁር ሳይሆን የሞቀ ቡናማ ነው። ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው። ነጩ የሚወጣው ብርሃን በርትቶ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው።

ምክንያቱም የሻማ ብርሃን ቶሎ ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አፍንጫ ላይ የበራው ጆሮ ጋ ሲደርስ ሊጠፋ ይገባዋል። የዘይት ቀለም ቶሎ አለመድረቁ የሚጠቅመን ያኔ ነው፤ የጉንጭን ጠርዝ ከጥላው ጋር ቀስ አድርገን እናዋህዳለን። ጆሮውን ካልሳልነው ተመልካቹ ራሱ ይስለዋል።

የሚያሳዝነው፣ የሌሊቱን ሠዓሊ ራሱን ሌሊት ዋጠው። በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት መሀል፣ በ1638፣ የሚኖርባት ሉንቪል ተቃጠለች። እሱም በ1652 ሞተ፤ ስሙም ተረሳ። ሥዕሎቹ ግን በየሙዚየሙ በሌሎች ሠዓሊዎች ስም ተሰቅለው ይደነቁ ነበር! ጀርመናዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ኸርማን ፎስ ናንት ከተማ ያሉትን ፊርማ ያለባቸውን ሥዕሎች ሬን ካለው ስም አልባ ሥዕል ጋር አስተያይቶ ባለቤቱን የመለሰለት በ1915 ነው። በ1934 በፓሪሱ ኦራንዠሪ ኤግዚቢሽን ሕዝቡ በአዲስ ዓይን አየው።

ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ የጠፋን ሰው ያስገኙት ሸራ ጥግ ላይ የተጻፉ ጥቂት ፊደላት ናቸው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ስማቸውን ያላኖሩ ስንት እጆች እንዳሉ ስናስብ ነገሩ ይከብደናል።

እንግዲህ ብሩሽ ላነሳችሁ ጓደኞቻችን፦ አንድ ሻማ፣ አንድ ፊት፣ አራት ቀለም ይበቃል። ብርሃኑን ቆጥቡት፤ ስማችሁን ግን አትቆጥቡ።